ረቡዕ የቀረበልኝ ሥጋ

በጃንሆይ ዘመን ነው። ወገዳ ገበያ ላይ ፖሊሶች ሲይዙኝ በእጄ የነበረው አንድ የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ብቻ ነበር። «ጾም ሽሯል፣ ሃይማኖት ለውጦ ሕዝብ ያውካል» ተባልኩ። በእግረ ሙቅ አስረው ወለሏ የረጠበ፣ የፍየል ሽንት የምትሸት ክፍል ውስጥ ከተቱኝ።

በማግስቱ አንድ ሽማግሌ የመጻሕፍት መምህር አስገቡብኝ። ድጓ ቤተ ልሔም እንደተማሩ፣ በርስት ክርክር እንደታሰሩ ነገሩኝ። እኔ መቼም ጥርጣሬን ከእናቴ ጡት ጋር የጠባሁ ሰው ነኝ፤ አላመንኳቸውም። ነጠላቸው ንጹሕ፣ እግራቸው ነጻ ነው። ጆሮ ጠቢ ናቸው አልኩ በልቤ።

«ልጄ፣ መጽሐፍን ያለ መምህር ማን ይፈታዋል?» አሉኝ።

«የኔታ፣ ለሚያነበው ግልጥ ነው።»

«ጃንደረባውም እኮ ያነብ ነበር። ፊልጶስ ባይደርስለት እንደተደናገረ አገሩ ይገባ ነበር።»

መልስ ነበረኝ፤ ግድግዳም ጆሮ አለው ብዬ ዋጥኩት። እሳቸው ፈገግ አሉ። ፈገግታቸውን ጠላሁት።

ረቡዕ ዕለት ፖሊሱ በሳህን ጥብስ ይዞ ገባ። እስከዚያ ቀን ከደረቅ ቂጣ በቀር የቀመስነው አልነበረም። ፊቴ አስቀመጠና «ብላ» ብሎኝ በሩ ላይ ቆመ። ነገሩ ገባኝ። ብበላ ዳኛው ፊት ማስረጃ ይሆንብኛል። ፈርቼ ብተወው ደግሞ ያመንኩትን መካዴ ነው። የኔታ ዓይናቸውን ከእኔ አልነቀሉም።

ሳህኑን ወደ ፖሊሱ ገፋሁት። «ብበላው አልረክስም፤ መጽሐፉ እንዲያ አስተምሮኛል። ግን እኚህ አባት እየጾሙ ፊታቸው አልበላም። ይህንንም ያስተማረኝ መጽሐፉ ነው» አልኩ።

ፖሊሱ ወደ የኔታ ዞረ። «ሰምተዋል አይደል? ይመሰክሩበታል?»

«ሰምቻለሁ። የተናገረው የጳውሎስን ነው። ካሻህ ሂድና ጳውሎስን ክሰስ!»

ፖሊሱ ሳህኑን አንስቶ ወጣ። የኔታ ጠጋ አሉኝና፣ «ይህን ቃል ማን ፈታልህ?» አሉኝ።

«ማንም።»

«ፊትህ የሚጾም ሰው ባይኖርስ ይፈታልህ ነበር?»

ቂጣዬን ሳልቆርስ አስቀመጥኩና ጾማቸው እስኪፈታ አብሬያቸው ቆየሁ።

በማግስቱ ወሰዷቸው። እኔ ብዙ ቆይቼ ተፈታሁ፤ እሳቸው መሰከሩብኝ ሲባል አልሰማሁም። በርስት ክርክር ታስረው ይሁን እኔን ሊሰልሉ ገብተው ይሁን ዛሬም አላውቅም። ዛሬም መጽሐፉ ብቻውን ይበቃል ባይ ነኝ። ረቡዕ ረቡዕ ግን በቤቴ ሥጋ አይሠራም። ሚስቴ ምክንያቱን ስትጠይቀኝ፣ «የሚጾም እንግዳ ቢመጣብኝስ?» እላታለሁ።