ጎሚስታው አባቴና ጥገና የሚከለክለው ኪኒን

አባቴ ጎሚስታ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ጎማ ሲፈታ፣ ሲለጥፍና ሲነፋ ኖሯል። ደንበኞቹ «ጋሽ ለምን» ይሉታል፤ ጎማ ሊያሠራ የመጣን ሰው ሁሉ ሥራውን ሳይጠይቀው አይለቀውማ። አንድ ጊዜ የአንድ ጥርስ ሐኪም መኪና ክሪክ ላይ እንደተሰቀለ፣ ሰውየውን ስለ መንጋጋ አጥንት አርባ ደቂቃ አስወርቶታል። ሐኪሙ ቀጠሮው አለፈበት። በሳምንቱ ግን ጎማው ደህና ሆኖ ሳለ ተመልሶ መጣ፤ ወሬው ጥሞት ነው መሰለኝ።

እኔ ሃያ ስምንት ዓመቴ ነው፤ ለአባቴም ለእናቴም አንድ ልጅ ነኝ። እናቴ አስተማሪ ናት። ባለፈው ዓመት ሆዷ ውስጥ፣ እንቁላል በሚፈጠርበት ቦታ ላይ ካንሰር ተገኘባት። ቀዶ ጥገና ተደረገላት፤ በደም ሥር የሚሰጠውንም መድኃኒት ስድስት ዙር ወሰደች። በሽታው ግን ተመልሶ መጣ።

ዶክተሯ ስለ አንድ ኪኒን የነገረችን ያኔ ነው። ኪኒኑ ለሁሉም አይሠራም። የሚሠራው የካንሰሩ ሴሎች የተጎዳ ዲኤንኤያቸውን የሚጠግኑበት አንዱ መንገድ የተበላሸ እንደሆነ ነው። በቀዶ ጥገናው የወጣው ሥጋ ለምርመራ ተላከና ሦስት ሳምንት ጠበቅን። በእነዚያ ሳምንታት እቤታችን «አምላኬ፣ ብልሽቱ ይገኝ» እየተባለ ተጸለየ። እንዲህ ያለ ጸሎት ከዚያ በፊት ሰምቼ አላውቅም።

«ተገኝቷል» አለች ዶክተሯ።

አባቴ ከወንበሩ ተነስቶ እጇን ጨበጠ። እናቴ ሳቀች፤ «ሳይደግስ አይጣላም ማለት ይሄ ነው» አለች። ኪኒኑም ጠዋትና ማታ ተጀመረ።

በሁለተኛው ወር እናቴ ገረጣች። ደረጃ ስትወጣ ታርፋለች፤ የተማሪ ደብተር እያረመች እንቅልፍ ይወስዳታል። አባቴ ነገር ዓለሙን ትቶ ከኪኒኑ ጋር የመጣውን ወረቀት ይዞ፣ ጎማ ሊያሠራ ለመጣ ፋርማሲስት አስነበበ። ፋርማሲስቱ አንብቦ «ጥገና የሚከለክል መድኃኒት ነው» አለው። የቀረውን ለማስረዳት ሲሞክር አባቴ የሚሰማበት ጆሮ አልነበረውም።

እኔ ያወቅኩት ከአሥር ቀን በኋላ ነው። ብልቃጡን ሳነሳው ከበደኝ። ዘርግፌ ስቆጥር አሥር ፍሬ ትርፍ አለ። የጠዋቱን የምሰጣት እኔ ነኝ።

«የማታውን ማን ነው የማይሰጣት?» አልኩ።

«እኔ ነኝ» አለ ሳያፍር። «ስትገረጣ አታዪም? ሰውነቷ ራሱን እንዳይጠግን ነው እኮ የሚከለክለው። ሠላሳ ዓመት የለጠፍኩ ሰው፣ መለጠፍ የሚያግድ ነገር በገዛ እጄ ላጉርሳት?»

«እኔን ግን ዶክተሯ ሰውነትሽ እንዲያርፍ የማታው ይቅር ብላለች ብለኸኝ ነበር» አለች እናቴ ከአልጋዋ። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። እኔ ግን ጮህኩበት። ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል፤ ያኔ ግን ደሜ ፈልቶ ነበር።

በማግስቱ ሦስታችንም ዶክተሯ ዘንድ ሄድን። የእናቴን ደም አስመረመረች። አነስ ብሏል፤ መድኃኒቱ አንዳንዴ እንደዚህ ያደርጋል፣ መጠኑን እንቀንሰዋለን አለች። ከዚያ ወደ አባቴ ዞረች።

«አባት፣ ሲጠራጠሩ ወደኔ ነው እንጂ ወደ ብልቃጡ አይደለም መሄድ።»

«ልክ ነዎት። አጥፍቻለሁ» አለ። ሁለት ደቂቃ ግን ዝም ማለት አልሆነለትም። «ዶክተር፣ ጥገናው ከተከለከለ የሷ ጤነኛ ሴል ለምን አይሞትም?»

«እርስዎ ጎማ ነው የሚሠሩት አይደል? መንገድ ላይ ጎማዬ ቢተነፍስ ምን አደርጋለሁ?»

«ያስለጥፋሉ። ካልሆነ ስኮርታውን አውጥተው ይቀይራሉ።»

«ጤነኛው ሴል ሁለቱም አለው። ካንሰሩ ግን ስኮርታ የለውም፤ በልጣፊ ብቻ ነው የሚሄደው። ኪኒኑ ለጣፊውን ዘጋበት።»

አባቴ ጣሪያ ጣሪያውን እያየ አሰበ። ፊቱ ሲበራ አየሁት። «ስኮርታ ያለው ቀይሮ ይሄዳል። የሌለው እዚያው መንገድ ላይ ይቀራል» አለ። «እኔ ደግሞ አሥር ቀን ሙሉ ማታ ማታ ለካንሰሩ ስለጥፍለት ከርሜያለሁ።»

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አለች እናቴ። ዶክተሯም ሳቀች። እዚያ ላይ ብንነሳ ኖሮ ደስ ብሎን በሄድን። አባቴ ግን አንድ ጥያቄ ቀርቶት ነበር።

«ስኮርታውስ መጀመሪያ ወዴት ሄደ?»

ዶክተሯ እናቴን አየቻት፤ ከዚያ እኔን። እያንዳንዱ ሴል ስኮርታ ላልነው ጥገና ሁለት ቅጂ መመሪያ አለው፣ አንዱ ከእናት፣ አንዱ ከአባት፤ አንዱ ቢበላሽ ሁለተኛው ይሠራል አለች። እናቴ አንዱ የተበላሸባት ከውልደቷ ሳይሆን አይቀርም፤ በደም ምርመራ ይታወቃል። ካንሰሩ የተነሳው ሁለተኛውም ከተበላሸበት አንድ ሴል ነው።

ቀጥሎ እኔ ጠየቅኩ፤ «የተበላሸው ለእኔ ተላልፎ ይሆን?»

«የእናትሽ በደሟ ከተገኘ፣ ያንቺ ዕድል እኩል በእኩል ነው።»

የእናቴ ተገኘ። ቀጥሎ ከኔ ደም ተቀዳ። ዳግመኛ ሦስት ሳምንት። አባቴ ሱቁን ከፍቶ ይውላል፣ ደንበኛ ግን አያዋራም። እናቴ ወደ መጀመሪያው ጸሎቷ ተመለሰች፤ አሁን ግን እንዳይገኝ ነው። በመሀል የእናቴ የምርመራ ውጤት መጣ፤ እብጠቱ በግማሽ ቀንሷል። ቀን በሙሉ የሚያስደስተን ዜና ነበር፤ እኛ ግን የምሳ ሰዓት ሳይደርስ የኔን ውጤት ወደ መጠበቅ ተመለስን።

የቀጠሮው ቀን እዚያው ክፍል፣ እዚያው ወንበር ላይ ተቀመጥን።

«ተገኝቷል» አለች ዶክተሯ። ድምፅዋ እንደ መጀመሪያው ጊዜ ነበር። አልታመምሽም፣ ምናልባትም አትታመሚ ይሆናል፤ ከዛሬ ጀምሮ ግን በየጊዜው እናይሻለን፣ ቀድመን የምናደርገውም ነገር አለ እያለች አስረዳችኝ። ግማሹን አልሰማሁትም። ፈርቼ ነበር።

ቀዶ ጥገና ሲባል ያላለቀሰችው፣ ተመልሷል ሲባል ያላለቀሰችው እናቴ አለቀሰች። «ምን ላወርስሽ ነው የወለድኩሽ» አለችኝ።

አባቴ ወንበሩን ወደሷ አስጠጋ። «አንቺ ባትታመሚ» አላት ቀስ ብሎ፣ «የሷን ማን ያውቅላት ነበር?»

እናቴ ቀና ብላ አየችው። ከዚያ ዓይኗን ጠረገችና ዶክተሯን «የልጄ ቀጣይ ቀጠሮ መቼ ነው?» አለቻት።