ከሥጋው በፊት የመጣው በረዶ

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ ዳላስ ውስጥ አንድ የፈረንሳይ ሬስቶራንት ዕቃ አጣቢ ነበርኩ። ከሁሉም ዕቃ የምወደው እንቁላል የምታክል አንዲት የብርጭቆ ጽዋ ነበር። የሎሚ በረዶ ይቀርብባታል፤ ብዙም ሳትቆሽሽ ትመለሳለች። ከየትኛው ምግብ በኋላ እንደምትቀርብ ግን ጠይቄ አላውቅም። ማጠቢያው ጋ ሁሉም ዕቃ ተደበላልቆ ነው የሚመጣው።

አንድ ሰኞ ባለቤቱ ቤቱን ዘግቶ ሠራተኞቹን በሙሉ እራት ጋበዘን። ሰው ይዛችሁ ኑ አለን። ማንን ልያዝ? ከምኖርበት ከጋርላንድ ብቻዬን ነድቼ ሄድኩና ለሁለት ሰው የተሰናዳ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጥኩ። ሾርባ መጣ፣ ዓሣ መጣ፣ ከዚያ ያቺ ጽዋ መጣች። ጣፋጭ ከመጣ እራቱ አልቋል ማለት ነው ብዬ በረዶዬን በላሁ። ከማዕድ ስንነሳ እንደምናደርገው ዓይኔን ጨፍኜ አመሰገንኩና ወጣሁ። ርቦኝ ነበር ደግሞ! ያን ሁሉ ሳህን የማጥበው ለዚህች ነው እንዴ እያልኩ ተናድጄ ነዳሁ።

በማግስቱ፣ ማታ ተራዋ ሆኖ ምግብ ስታቀርብልን የነበረችው አስተናጋጅ ማጠቢያው ጋ መጣች። እራቱ በበረዶው ያለቀ መስሎኝ እንደወጣሁ ስነግራት፣ በረዶው የዓሣውን ጣዕም ከአፍ ለማጥፋት እንደሆነ፣ ዋናው ሥጋ የሚቀርበው ከሱ በኋላ እንደሆነ ነገረችኝ።

«ስትወጣ እኮ እንግዳህን ልትቀበል መስሎን ነበር። ሥጋውን ለሁለት ሰው አሙቀን ስንጠብቃችሁ አመሸን። ምን ሆኖ ቀረ?»

እጄን ከሳሙናው ውሃ ሳላወጣ፣ «መኪናው ተበላሽቶበት ነው» አልኳት።