ከቡሬ ወደ ወጀት፦ ላይኛው መንገድ ወይስ ታችኛው

ንጋት፣ ቡሬ

ከቡሬ የወጣነው ሰማዩ ገና ሳይገላለጥ ነው። እኔ አሞሌ ጨው ከጫነች አንዲት አህያዬ ጋር፣ አያ ታከለ ደግሞ ከሁለት አህዮቻቸው ጋር። የምንሄደው ወደ ወጀት ገበያ ነው። ዛሬ ፍኖተ ሰላም የምትሏት ከተማ ያኔ ወጀት ነበረች፤ በጣሊያን ጊዜ ያንን መንገድ የሰላም ብሎ የሚጠራ ሰው አልነበረም።

መንገዱ ሁለት ነው። ላይኛው ጣሊያን ያስጠረገው የመኪና መንገድ፣ ደረቅና ሜዳ። ታችኛው በኑግ ማሳ መካከል የሚሾልክ የእግር መንገድ፤ ጭቃ ነው፣ ወንዝም አለው፣ ጨው ደግሞ ከውኃ ጋር አይስማማም። ከሁለቱ ባንዱ ላይ ሹምባሹ፣ የጣሊያን ቅጥር ወታደሮች አለቃ፣ ከጥቂት አስካሪዎቹ ጋር ይቆምና ለመንገድ ሥራ ድንጋይ የምትሸከምለት አህያ ይወስዳል። ሁለቱንም ለመያዝ ሰው አይበቃውም። ሌላዋን አህያዬን በክረምቱ የወሰደብኝ እሱ ነው። ይህችንም ከወሰዳት ንግዴ አበቃ።

ረፋድ፣ መንታ መንገዱ ላይ

ነጋዴው ሁሉ መንታው ላይ ቁጭ ብሎ በሶ እየበጠበጠ ያንኑ ይጠያየቃል፦ "ባለፈው ገበያ አስካሪዎቹ የት ቆሙ?" ታች ከቆሙ ሁሉም ላይ ይሄዳል። ሹምባሹም ወሬው ይደርሰውና ላይ ይጠብቃል። ነጋዴው ታች ሲወርድ እሱም ይወርዳል። ክረምቱን ሙሉ እንዲህ ስንሳደድ ከረምን። አህዮቹ እንኳ ሰልችቷቸዋል።

"አያ ታከለ፣ ዛሬ ዕጣ እንጣል" አልኳቸው።

"ምነው፣ የቅርጫ ሥጋ አለ እንዴ?"

"እኛ ራሳችን የማናውቀውን እሱ ከማን ይሰማል?"

ሦስት ስንጥር ቆርጬ ጨበጥኩ፤ ሁለት አጫጭር ለታች፣ አንድ ረጅም ለላይ።

"ለታች ለምን አበዛህ?"

"ሹምባሹ ጫማ አለው፣ ጭቃ አይወድም። ታች የሚወርደው አንጀቱ እያረረ ነው።"

"ታዲያ ሁልጊዜ ታች አንሄድም?"

"ሁልጊዜ ከሄድንማ ጫማውን ያወልቃል።"

ሳቁና አንዱን መዘዙ። አጭር ነው። ሌላው ነጋዴ እየሳቀብን ላይኛውን ይዞ ሄደ።

ቀትር፣ ታችኛው መንገድ

ጭቃው እግር ይዞ አይለቅም። አንድ ባላገር ጨው ጠየቀን፤ እሱ ያለው የጣሊያን ሊሬ ነው፣ እኛ የምንፈልገው ጠገራ ብር። ተያይተን ተላለፍን። ወንዙ ጋ ስንደርስ ጭነቱን አራግፈን አሞሌውን በራሳችን ተሸክመን አሻገርን። ወገቤ ሊበጠስ ነው። የመጨረሻውን አሞሌ አስቀምጬ ቀና ስል ሹምባሹ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ጫማውን በእንጨት ይፍቃል።

"ደህና መጣችሁ። እግሬን ገደላችሁት።"

"ጌታዬ፣ በዚህ እንደምንመጣ ማን ነገረዎት?" አልኩ።

"ማንም። እናንተን መከተል ሰለቸኝ። አሁን ጠዋት ጠዋት ጠገራ ብር ወደ ሰማይ እወረውራለሁ፤ አንዱ ፊት ላይኛው መንገድ፣ ሌላው ታችኛው ነው። ዛሬ ታች ወጣ።"

እኔና አያ ታከለ ተያየን።

ሦስቱን አህዮች ዞሮ አየ። የአያ ታከለ ያረጁ ናቸው፤ የእኔዋን ገመድ ያዘ።

"ጌታዬ፣ የቀረችኝ እሷ ብቻ ናት!"

"አለቆቼ ስንት አህያ እንደቀረህ አይጠይቁኝም" አለና ገመዱን ለአንዱ አስካሪ ሰጠው። ጆሮዋን ጥላ ተከተለችው።

ምሽት፣ ወጀት

ግማሹን ጨዬን አያ ታከለ በአህዮቻቸው ላይ ደረቡልኝ፤ ግማሹን ተሸክሜ ገባሁ። በላይኛው የመጡት እግራቸው ደርቆ ዋርካው ሥር ተጋድመዋል።

"አስካሪዎቹ ታች ነበሩ? እንግዲያው በሚመጣው ገበያ የሚቆሙት ላይኛው መንገድ ላይ ነው" አለ አንዱ።

"ያንተን አህያ ግን ዕጣህ በላት" አለኝ ሌላው።

አያ ታከለ ጭነት እየፈቱ መለሱለት፦

"ሰውዬው እስከ ዛሬ የሚይዘን በገዛ ወሬያችን ነበር። ዛሬ ግን እንደኛው በዕጣ፣ በጭፍን ነው የመጣው።"

"በላይ ብንሄድ ግን አህያዬ ትኖር ነበር" አልኩ።

"አሁን ማታማ ሁሉም ያውቃል። ጠዋት ማን ያውቅ ነበር?" ገመዱን ጠቅልለው አጠገቤ ቁጭ አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "በል ሽርክና እንግባ" አሉኝ። "አህያው ከእኔ፣ ዕጣው ካንተ።"