ጠያቂዎቼን መኪና ውስጥ ቁጭ ብዬ የተቀበልኩበት ቅዳሜ

ታናሽ ወንድሜ ጦና በድሎኛል። ኦቶና ሆስፒታል ጉልበቴን ልታከም ተኝቼ ሳለሁ የመኪናዬን ካምቢዮ ፈትቶ አወጣና ሌላ ገጠመበት። ሳይጠይቀኝ።

መኪናዋን ለማታውቁ... ሶዶ፣ ግቢዬ ውስጥ፣ በገዛ እጄ የሠራኋት ባለ ሁለት ወንበር የስፖርት መኪና ናት። ላሜራውን ቀጥቅጬ፣ ብረቱን በይጄ ዘጠኝ ዓመት ፈጅታብኛለች። ሞተሯን ከተገለበጠ መኪና ነው ያወጣሁት። ካርቡሬተር አደረግሁለት፤ ባለ አምስት ማርሽ ማንዋል ካምቢዮ መረጥኩለት። ምክንያቴ አጭር ነው። ካርቡሬተር ሲታመም በጆሮ ይሰማል፣ በካቻቢቴ ይድናል። ኮምፒዩተር ሲታመም ዝም ይላል። እኔ ዝም የሚል ነገር አላምንም።

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ቤቴ ገባሁ። ምርኩዜን በረንዳው ላይ ጥዬ፣ ግድግዳ ግድግዳውን ይዤ በቀጥታ ወደ መኪናዋ ሄድኩ። መግባቱ ቀላል ነው፤ ራስን መልቀቅ ብቻ ነው። ተቀመጥኩ... ግራ እግሬ ፍሪሲዮን ፈለገ። የለም። ያሉት ሁለት ፔዳሎች ናቸው። የማርሹ ዘንግ አጠገብ ፒ፣ አር፣ ኤን፣ ዲ የሚል ተጽፏል።

«ጦና!»

እጁን በጨርቅ እየጠረገ መጣ። «እንኳን ለቤትህ አበቃህ ጋሼ።»

«ካምቢዮዬ የት አለ?»

«ዘይት ቀብቼ በማዳበሪያ ጆንያ ጠቅልዬ አስቀምጬዋለሁ። በዚያ ጉልበት ፍሪሲዮን መርገጥ...»

«ጉልበቴ ምን ሆነ?»

ጣቶቹን እንደገና በጨርቁ ይጠርግ ጀመር።

«ካርቡሬተሬስ?»

«አውቶማቲኩ ያለ ኮምፒዩተር ማርሽ አይቀይርም። ኮምፒዩተሩ ደግሞ ካርቡሬተር አያውቅም፤ አየሩን የሚለኩለት፣ ሙቀቱን የሚነግሩት ሴንሰሮች ይፈልጋል። አንዱን ስነካ ሌላው ተከተለ ጋሼ።»

«የመጀመሪያውን ማን ንካ አለህ? መልሰህ እስክትገጥመው ዓይንህን እንዳላየው!» ብዬ አባረርኩት።

ከዚያ ልነሣ ስል... ጉልበቴ እምቢ አለ።

መቀመጫዋ ከመሬት አንድ ስንዝር ቢሆን ነው። ኩርባ ላይ መሬት ትያዝ ብዬ እኔው ነኝ ዝቅ ያደረግኋት። በሩን ይዤ ሞከርኩ። ጣሪያውን ይዤ ሞከርኩ። ላብ አጠመቀኝ። ባለቤቴ ገበያ ወጥታለች። ጦናን እንዳልጠራ፣ ጉልበቴ ምን ሆነ ያልኩት አሁን ነው።

በዚህ መሃል ጠያቂዎች መጡ። ሰው ከሆስፒታል ወጣ ከተባለ በእኛ ሰፈር ማን ይቀራል? የጸሎት ቤታችን እናቶች አምስት ሆነው ገቡ።

«ምነው መኪና ውስጥ?» አሉ ወይዘሮ አማረች።

«እየመረመርኳት ነው።»

«አልጋ እንኳን ሳይነኩ?»

«ሥራ አይጠብቅም።»

አግዳሚ አውጥተው ከበውኝ ተቀመጡ። ጎደሬ ከነዳታ በርበሬው በመስኮት አቀበሉኝ፤ ሳህኑን መሪው ላይ አስደግፌ በላሁ። ወይዘሮ አማረች እጃቸውን ጣሪያው ላይ ጭነው ረጅም ጸሎት ጸለዩ። ለእኔ ይሁን ለመኪናዋ አላወቅሁም።

እነሱ ሲወጡ የቀበሌው ሊቀመንበር ተተካ። ጎንበስ ብሎ አየኝና «አባባ፣ በአንድ ለአምስት ስብሰባ ላይ የምንለፈልፈው እኮ ይሄን ነው! ታሞ እንኳ ከሥራው የማይነሣ ሰው!» አለ።

እውነቱን ነው። አልነሣም። ሽንቴ ወጥሮኝ ዓይኔ ሊፈስ ነው፣ እሱ ስለ ልማት ያወራል።

እሱም ሄደ። ጦና ለካ እንሰቱ ጥግ ቁጭ ብሎ ሁሉንም ሲያይ ነበር። መጣ። እጁን አልዘረጋልኝም፤ እንደማልይዘው ያውቃል። ወደ ዳሞታ ተራራ እያየ ተናገረ።

«ከግቢው በር ውጭ፣ በግራ በኩል ያለው የውኃ ቦይ ጥልቅ ነው ጋሼ። የሾፌሩ በር እዚያ ጫፍ ላይ ቢከፈት እግር ወደ ታች ይወርዳል። ከረጅም ወንበር እንደ መነሣት ነው።»

«ማን መነሣት አቃተው?»

«ማንም።»

መሪውን ጨበጥኩና «እንግዲያው ግፋ» አልኩት።

«አይገፋም። ፒ ላይ ነው፤ ካምቢዮው ጎማውን አስሮታል።»

ቁልፉን አዞርኩ። ሞተሩ በአንዴ ተነሣ። የሚሰማ ጉድለት ፈለግሁ... ጆሮዬ ምንም አላገኘም። ዘንጉን ሳብኩት። አይንቀሳቀስም። በሁለት እጄ ሳብኩት። አይንቀሳቀስም።

ብየዳን ከማንም ጠይቄ አልተማርኩም፤ እጄን እያቃጠልኩ ነው የተማርኩት። ጦና መልሱን ያውቃል። ካልተጠየቀ ግን አይናገርም፤ እንዲያ አድርጌ ያሳደግሁት እኔ ነኝ።

«ይሄ... እንዴት ነው የሚወጣው?»

«ፍሬን ረግጠህ ጋሼ።»

ረገጥኩ። ዘንጉ ያለ ድምፅ ዲ ላይ ወረደ። መኪናዋ ነዳጅ ሳልሰጣት በራሷ መሳብ ጀመረች። የግቢውን በር እንዳለፍኩ ግራ እግሬ በአርባ ዓመት ልማዱ ፍሪሲዮን ልርገጥ ብሎ ፍሬኑን ደበደበው። መኪናዋ ቀጥ አለች፣ ግንባሬ መስታወቱን መታ። ከጉልበቴ የወጣው ሕመም ግን... ጮህኩ። መንደሩ ሰማ።

ጦና በመስኮት ጎንበስ አለ። «ግራውን እጠፈውና ይረፍ» አለ ቀስ ብሎ። «ከእንግዲህ ሥራ የለውም።»

አጠፍኩት። ቦዩ ጫፍ አቆምኳት። በሩን ከፍቼ እግሮቼን ወደ ቦዩ አወረድኩ... ቆምኩ። በራሴ።

«ሰኞ አሮጌውን ካምቢዮ ልመልሰው?» አለ።

«ሰኞ ሥራ አለብኝ» ብዬው ወደ ሽንት ቤት ሄድኩ።

ትናንት ቦዲቲ ደርሼ ተመለስኩ። በየትኛው ካምቢዮ ብላችሁ እንዳትጠይቁኝ። በደሉ በደል ነው፣ ይቅርም አላልኩም፤ ከዛሬ ወዲያ ግን ስለዚህ ነገር አንዲት ቃል ከአፌ አትወጣም።