ያልገባኝ ጥቁር ገጽ

ያን ጊዜ ሶዶ ውስጥ በአንድ ኮሌጅ የኮምፒውተር ላብ አስተማሪ ነበርኩ። ኃይለኛ ነበርኩ፣ አልክድም። ቀዩ ጭቃ እንዳይገባብኝ ተማሪው ሁሉ ጫማውን በር ላይ አውልቆ ይገባል፤ ሲወጣ ደግሞ ማሽኑን እንዳገኘው ትቶ ይወጣል። ሕጌ ይኸው ነበር።

አንድ ሰሞን የጥጉ ኮምፒውተር አመል አወጣ። ኮድ የምንጽፍበት ፕሮግራም ገጹ ነጭ፣ ፊደሉ ጥቁር ነው። በዚያኛው ግን መብራት በጠፋ ማግስት ስከፍተው ገጹ ጠቁሮ፣ ፊደሉ ነጥቶ ይጠብቀኛል። ቫይረስ ነው አልኩ። ያኔ ያልገባን ነገር ሁሉ ቫይረስ ነበር። ፍላሽ ከለከልኩ፣ ሁለቴ ፎርማት አደረግኩት፣ እሱም አልበጀ። ለማጠቃለያ ፈተና ማንም የገጹን ቀለም እንኳ እንዳይቀይር የሁሉንም ማሽን ማስተካከያ ቆለፍኩት።

በፈተናው ቀን ጥጉ ላይ የተቀመጠችው አንዲት ዝምተኛ የሁምቦ ልጅ ነበረች፣ ከክፍሉ ጎበዞች አንዷ። ትንሽ እንደሠራች ስስ ሻርፗን አውልቃ ማሳያው ላይ ጣል አደረገች። ምን ልትደብቅ ነው ብዬ ተቆጣሁና ሻርፑን አስነሳኋት። እንባዋ እየወረደ ግማሹን ብቻ ሠርታ አስረከበች። ከወደቀች ዓመቱን መድገም ነው።

በር ላይ ጫማዋን እያሰረች፣ ቀና ሳትል ተናገረች።

«መምህር፣ ማሽኑን የማጠቁረው እኔ ነኝ። ነጩ ዓይኔን ይወጋኛል።»

ከልጅነቷ ጀምሮ ዓይኗን ያማታል። ዓይነ በሽተኛ ኮምፒውተር አይማርም ይሉኛል ብላ ደብቃን ኖራለች። ሁልጊዜ ስትወጣ ወደ ነጭ ትመልሰው ነበር፤ መብራት ድንገት ሲጠፋባት ብቻ ሳትመልሰው ይቀራል። በፈተናው ቀን ግን እኔ ስለቆለፍኩት ማጥቆር አልቻለችም፤ ሻርፑም ብርሃኑን ለማብረድ ነበር።

አፈርኩ። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባላል፤ እኔ ሳልማር ጠምጥሜ ኖሯል። እዚያው የክፍሉን ኃላፊ ፈልጌ ጥፋቱ የእኔ ነው አልኩት። አጉረመረመ፣ ግን ድጋሚ እንድትፈተን ፈቀደ።

በሦስተኛው ቀን የቆለፍኩትን ፈትቼ ጥጉ ላይ ብቻዋን አስቀመጥኳት። ገጹ የት ጋ እንደሚጠቁር እንኳ አላውቅም ነበር፤ ያሳየችኝ እሷ ናት። ሰዓቱ ሳያልቅ ሁሉንም ጥያቄ ሠርታ ጨረሰች፣ በደንብ አድርጋ። ከዚያ ከመነሳቷ በፊት ገጹን ወደ ነጭ መለሰችው። ለምን ብዬ ጠየቅኳት።

«እንዳገኘሁት ልተወው ብዬ ነው፣ መምህር።»

 እሷ በር ላይ ጫማዋን ስታደርግ ወደ ጥጉ ሄጄ መልሼ አጠቆርኩት።