ጣቴን ያተምሁበት ወረቀት

ፊደል የቆጠርሁት ጺሜ ከሸበተ ወዲህ ነው። ከዚያ በፊት፣ ወረቀት ላይ የሰፈረ ነገር ሁሉ እውነት ይመስለኝ ነበር። የተማረ ሰው ይዋሻል ብሎ ማን ያስባል?

መተማ ዮሐንስ፣ አንድ የሰሊጥ ማበጠሪያ ውስጥ ጥበቃ ነበርሁ። ማሽኑን ሊተክል የመጣው መካኒክ ሕንዳዊ ነው። ሱዳን፣ ገዳሪፍ ብዙ ዓመት ስለሠራ በሱዳኖች ዓረብኛ እንግባባ ነበር። ይህ ሰው በዓመት አንድ ቀን መፍቻና መዶሻውን አጥቦ ይደረድራል፤ ማሽኑን ቀይ ዱቄት ቀብቶ አበባ ያስርበታል። ያን ቀን ማሽን አይነሣም። የዝሆን ራስ ያለው የአምላኩ ሥዕልም ከማብሪያ ማጥፊያው በላይ ተለጥፏል። ጫኝና አውራጆቹ "ብረት አምላኪው!" እያሉ ይስቁበታል። እኔም እስቅ ነበር፤ ምን እደብቃለሁ።

አንድ ቀን የድንበሩን አካባቢ እምነት አጠናለሁ የሚል ተመራማሪ መጣ። ሕንዳዊው አሥር እርምጃ ርቆ የማሽኑን ቀበቶ፣ ቺንጋውን፣ ይቀይራል። ተመራማሪው እሱን ትቶ ስለ እሱ እኔን ጠየቀኝ።

"ብረት ያመልካል" አልሁት።

ጻፈ። እኔም ጣቴን ቀለም ነክሬ ከቃሌ ሥር አተምሁ።

ሁለት ዓመት ቆይቶ፣ እኔም ጎልማሶች ትምህርት ገብቼ ማንበብ ከቻልሁ በኋላ፣ ጥናቱ ታትሞ ወረዳ ባህል ቢሮ መጣ። አስተያየት ስጡበት ተብለን ተጠራን። ቀድሜ ሄጄ፣ ጣቴን ከመስመሩ ሥር እየጎተትሁ አነበብሁት። ሕንዳዊው መካኒክ ብረትን ፈርቶ ያመልካል ይላል። እዚያው ገጽ ላይ፣ የአካባቢው ገበሬም አዲስ ትራክተር ጸበል የሚያስረጨው ብረቱን ስለሚፈራ ነው ይላል።

ደሜ ፈላ። ትራክተር በገባ ቁጥር ቄስ የምንጠራ እኛ ነን። ብረቱን ፈርተን! እግዚአብሔር ከአደጋ እንዲጠብቀን እንጂ!

ገጹን ወረቀት ላይ በእጄ ገልብጬ ወደ ሕንዳዊው ሄድሁና በዓረብኛ ነገርሁት። እጁን በጨርቅ ጠረገ።

"ስለኔ ማን ነገረው?"

"እኔ።"

ጀርባውን ሰጥቶኝ ብሎን ማጥበቅ ጀመረ። ስድብ በተሻለኝ።

"ጸበል ስትረጩ ማሽኑ አምላካችሁ ሆነ?" አለኝ መፍቻውን አስቀምጦ።

"አልሆነም።"

"እኔም የማመሰግነው መሣሪያውን በእጄ ያኖረልኝን ነው።" ሥዕሉን አሳየኝ። "ባሕር ማዶ ያሉ ምሁራን ለዚህ አምላክ ኩምቢ የሚያሳፍር ትርጉም ሰጥተው መጽሐፍ ጻፉ። አገሬ ላይ ገና ይጣሉበታል። ወንድሜ መጽሐፉ ይቃጠል ይላል፤ እኔ መልስ ይጻፍበት እላለሁ። ተኳርፈናል።"

"የውጭ ሰው ስለናንተ አይጻፍ ነው የምትል?"

"ይጻፍ። ግን ቤቴ ገብቶ ይጠይቀኝ፤ ያልሁትንም ያስፍር። ከዚያ ወዲያ ተሳስተሃል ማለት መብቱ ነው።"

በስብሰባው ቀን ተነሣሁ። "ይህ ገጽ ይሰረዝ። ሰውየው ብረት አያመልክም፤ እኛም ብረት አንፈራም።"

ተመራማሪው ፈገግ አለ። "አባት፣ ሰው የራሱን እምነት ከውስጥ ሆኖ አያየውም። ትርጉሙ ለውጭ ሰው ነው የሚታየው።"

"ለውጭ ሰው የሚታየው አጥሩ ነው።"

"የተናገሩት እኮ እርስዎ ነዎት! ጣትዎ ይኸው!" ከጥራዙ መጨረሻ የተያያዘውን የቃሌን ቅጂ ከፍ አድርጎ አሳየ። አዳራሹ ሳቀ።

"ያኔ ጣቴ ማንበብ አይችልም ነበር" አልሁ። "ደግሞ ስለዚያ ሰው እኔም የውጭ ሰው ነኝ። እኔም አልጠየቅሁትም፤ አንተም አልጠየቅኸውም። ሁለታችንም አፈርን ማለት ነው። እኔ ማፈሬን ተናገርሁ፤ አንተስ?"

ሳቁ ቆመ። እሱ ግን "ታትሟል፤ አይሰረዝም" ብሎ ተቀመጠ።

አይሰረዝም? በማግሥቱ ቢሮው ሄጄ ጥራዙን አስወጣሁ። ከጣት አሻራዬ ጎን፣ በእስክርቢቶ እንዲህ ብዬ ጻፍሁ፦ ይህን የተናገርሁ ሰውየውን ሳልጠይቅ ነው። ብረት አያመልክም። ማበጠሪያው ውስጥ አለ፤ ሂዳችሁ ጠይቁት።

ጸሐፊዋ ጮኸች። "አባት፣ የመንግሥት ንብረት ነው የሚያበላሹ!"

"ወረቀቱ የመንግሥት ነው፤ ጣቱ የኔ ነው" ብያት ወጣሁ።

የእጅ ጽሑፌ አያምርም። ይነበባል ግን።