የፈታሁት ገመድ

ምጥ የጠናባት ሴት ባለችበት ቤት የታሰረ ነገር መኖር የለበትም። በእኛ ሰፈር፣ በጣና ዳርቻ፣ ይህን የማያውቅ የለም። መቀነት ይፈታል፣ የከረጢት አፍ ይፈታል፣ ሣጥን ይከፈታል፣ ጥጃ ከችካሉ ይለቀቃል። በቤቱ ያለው ሁሉ ሲፈታ እሷም ትፈታለች ነው ነገሩ። ይህን ሲያነቡ የሚስቁብኝ የከተማ ሰዎች ይኖራሉ። ይሳቁ። እኔ ያን ቀን ያገኘሁትን ሁሉ ስፈታ ዋልሁ።

ሥራዬ በደንገል ታንኳ እንጨት ጭኖ ባሕር ዳር ማድረስ ነው። ሦስት ሰዓት መቅዘፍ ነው፤ ነፋስ ካለ አራት። ሚስቴ የመጀመሪያ ልጃችንን ያማጠችው ቅዳሜ ቀን ነበር። የሰፈሩ ታንኳ ሁሉ ጎሕ ሲቀድ ለገበያ ሄዷል። እኔ ብቻ ቀረሁ።

አዋላጇ የመንግሥት ናት። ሰፈሩ ሁሉ «ሲስተር» ይላታል። ዕድሜዋ ከታናሽ እኅቴ አይበልጥም። በዚያ ሳምንት መንገዱ በተኩስ ተዘግቷል፣ ስልክ የለም፣ ጤና ኬላው መድኃኒት አልቆበት ተቆልፏል። እሷም ከተማ ወዳሉት ቤተሰቦቿ መሄድ አቅቷት እኛው ዘንድ ቀርታ ነበር። ስጠራት ቦርሳዋን አንጠልጥላ መጣች። እንደ ቀንድ ያለች የልብ ማዳመጫ ሚስቴ ሆድ ላይ አሳርፋ ጆሮዋን ጣል አደረገችበት። ብዙ ቆየች። ከዚያ ወደ እኔ ወጣች።

«ልጁ አመጣጡ ጥሩ አይደለም። እስከ ስምንት ሰዓት እጠብቃለሁ። ካልሆነ ባሕር ዳር ይዘናት እንሄዳለን። ታንኳህ ውኃ ላይ ይዋል።»

ታንኳ ከሥራ ሲመለስ ከውኃ ይወጣል፤ ቆሞ ካልደረቀ ይበሰብሳል። ያን ቀን ግን እንዳለችው ወደ ውኃው ገፋሁትና ከችካሉ ጋር አጥብቄ አሰርሁት። ከዚያ አጥሩ ሥር ተመልሼ ቆምሁ። ጎረቤቴ ሽማግሌው ከእኔ ጋር ሊቀመጡ መጥተዋል።

«ምነው እንደ ታሰረ ውሻ ትዞራለህ? ተቀመጥ እንጂ።»

«ተቀምጬ ምን ልሥራ?»

«ምንም። የወንድ ሥራ ዛሬ እሱ ነው። እኔ ስምንት ጊዜ እንዲህ ተቀምጫለሁ።»

«ስንቶቹ አድገው ደረሱልዎ?»

«አምስቱ» አሉና በዘንጋቸው መሬቱን ጫሩ። «አንዱ ደግሞ ባይደርስ ይሻል ነበር፤ ያን ሰካራም ታውቀው የለ።»

ሳቅሁ። ከውስጥ የሚስቴ ድምፅ መጣ፤ የሴቶቹ «ማርያም፣ ማርያም» ተከተለው። ሳቄን ዋጥሁት።

ስድስት ሰዓት አልፎ አማቴ ወጡ። ጠጉራቸውን ፈትተዋል፣ መቀነታቸውን ጥለዋል።

«የታሰረ ነገር ቀርቷል» አሉኝ።

«ሁሉን ፈትቻለሁ፣ እማማ። የመጥረጊያውን ማሰሪያ ሳይቀር።»

«ታንኳውስ?»

«ሲስተር ውኃ ላይ ይዋል ብላለች።»

«ይዋል። ይታሰር ብላለች? ልጄ በሞት አፍ ላይ ሆና አንተ ገመድ ትሰስትባታለህ?»

ገብቼ ሲስተርን ልጠይቃት ይገባ ነበር። አልጠየቅሁም። ያኔ ፊደል አልቆጠርሁም ነበር፤ የተማረ ሰው እንዳይንቀኝ ከመጠየቅ ዝም ማለት ይቀለኝ ነበር። በዚህ ልማዴ ብዙ ነገር አጥቻለሁ፤ እንደዚያ ቀን ያለ ግን የለም።

ሄጄ ፈታሁት። ከቀትር በኋላ የጣና ነፋስ እንደሚነሣ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ፤ አላወቅሁም ብዬ ልዋሽ አልችልም። ስለዚህ ብልጥ ነኝ አልሁና የገመዱን ጫፍ መሬት ላይ ዘርግቼ ድንጋይ ጫንሁበት። ድንጋይ መጫን ማሰር አይደለም። ማርያምም አማቴም ሲስተርም ሁሉም ደስ ይላቸዋል ብዬ ነበር።

ስምንት ሰዓት ሳይሞላ ሲስተር በሩ ላይ ቆመች። ጓንቷ ደም ነክቶታል።

«በእግሩ ነው የሚመጣው። እዚህ አልችለውም። አሁን እንሂድ።»

በሁለት እንጨትና በጋቢ ቃሬዛ ሠራን። ጋቢውን ከእንጨቱ ጋር በጠፍር ጠፍረን አሰርን። አማቴ ሲታሰር ቆመው አዩ፤ አንድ ቃል አልተነፈሱም። ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። የቃሬዛው ጠፍር ሲታሰር ምንም የማይል ማሕፀን፣ የዘጋው የታንኳዬ ገመድ ብቻ ነበር?

ሰፈር ከቀሩት ሰዎች ጋር አራት ሆነን ተሸክመናት ወረድን። ዳርቻው ላይ ስንደርስ ማዕበሉ ተነሥቷል። ድንጋዩ እንዳለ ቁጭ ብሏል። ታንኳው አንድ ጥይት የሚደርስበትን ያህል ርቆ፣ ባዶውን እየዞረ ወደ መሐል ይሄዳል።

ዘልዬ ገባሁ። ውኃው ደረቴ ደረሰ፣ ከዚያ አንገቴ፤ ጭቃው እግሬን ያዘው። እኔ አንድ ክንድ ስሄድ እሱ ሦስት ይሄዳል። ውኃ ውጬ ተመለስሁ።

ሚስቴ ከቃሬዛው ቀና ብላ፣ «ታንኳው የት አለ?» አለች።

ከእኔ በፊት አማቴ መለሱላት። «ገመዱ ተበጠሰ።» ይህን ሲሉ የሚያዩት እኔን ነበር።

ሚስቴም ወደ እኔ ዞረች።

«ተበጠሰ» አልሁ።

ሲስተር ችካሉን አየችው። የተበጠሰ ገመድ ቢሆን ቁራጩ ችካሉ ላይ ይቀር ነበር። ችካሉ ራቁቱን ነው። እሷ ግን ያለችው «መልሷት፣ ቶሎ» ብቻ ነው።

ቤት ስንደርስ ሲስተር እጄን ያዘችኝ። «አንተ ትገባለህ። ከኋላዋ ሆነህ ትደግፋታለህ፤ ጉልበት ያለው ሰው ነው የምፈልግ።»

«ወንድ አይገባም» አሉ አማቴ።

«ዛሬ ይገባል፣ እማማ። እርስዎ ውኃ ያሙቁልኝ።»

ገባሁ። ሚስቴን ከኋላዋ በብብቷ ይዤ ደገፍኋት። ጥፍሯን ክንዴ ውስጥ ቀበረችው፤ ምልክቱ አሁንም አለ። እግሩ ወጣ፣ ወገቡ ወጣ፣ እጁ ወጣ። ወንድ ነበር። ጭንቅላቱ ቀረ። ሲስተር «ግፊ፣ እኅቴ፣ አሁን ግፊ» ትላለች፤ ላቧ አፍንጫዋ ላይ ይንጠባጠባል። ከወገቡ በታች ያለው ገላው ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ እግሩን ሁለት ጊዜ አወራጨ። ቆይቶ ተወው። ጭንቅላቱ ሲወጣ ልጁ እንደ ደፈረሰ ውኃ ጠቁሯል። ሲስተር አፏን አፉ ላይ አድርጋ ተነፈሰችለት፣ ደረቱን በሁለት ጣት ጫነች፣ ደግማ ተነፈሰች። ከዚያ በነጠላ ጠቀለለችውና ወደ ጎን አስቀመጠችው፤ ምክንያቱም ደሙ መጥቶ ነበር። ከቦርሳዋ የቀረቻትን አንዲት መርፌ ወጋቻት፣ የሆዷን ታች በጡጫዋ ይዛ እያሸች ቆየች፣ እጇ ሲዝል እኔን «እንዲህ አድርግ» አለችኝ፣ አደረግሁ። ደሙ ቆመ። ሚስቴ ተረፈች። እልል ያለ ሰው የለም።

ሲስተር አጥሩ ሥር እጇን ስትታጠብ ውኃውን የማፈስላት እኔ ነበርሁ።

«ታንኳው ቢኖር ልጁ ይድን ነበር?»

«አላውቅም። ውኃ ላይም ሊሞት ይችል ነበር። እሷም ጭምር።» እጇን አራገፈች። «ችካሉ ላይ ገመድ አላየሁም። ለእሷ የምነግራት ግን እኔ አይደለሁም።»

ልጁን ቄሱ ክርስትና ያልተነሣ ነው ብለው ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ቅበረው አሉኝ። አልተከራከርሁም። ከግራሩ ሥር እኔና ሽማግሌው ቀበርነው። ሽማግሌው ያን ቀን ምንም ቀልድ አልነበራቸውም።

በአራተኛው ቀን ዓሣ አጥማጆች ታንኳውን ጎትተው አመጡልኝ። ገመዱ ሙሉውን ከነጫፉ ተንጠልጥሎበታል። «ዕድለኛ ነህ፣ ገመድህም አልጠፋ» አሉኝ። እነሱ ሲሄዱ ቢላዋ አወጣሁና ጫፉን ሁለት ክንድ ያህል ቆርጬ ወደ ደንገሉ ወረወርሁት። የተበጠሰ ይምሰል ብዬ።

ሚስቴ ወተቷ መጥቶ የሚጠባው ስለሌለ ጡቷን በጨርቅ አስራ ተኝታለች። ሲስተር ከቦርሳዋ የሰጠቻት ክኒን መቼ መቼ እንደሚዋጥ በወረቀት ጽፋ ትታላት ነበር። ሚስቴ አራተኛ ክፍል ድረስ ተምራለች፤ ዓይኗ ግን በድካም ይጋረድ ነበርና «አንብብልኝ» አለችኝ። ወረቀቱን ይዤ አገላበጥሁት። ሚስቴ እንደማላነብ ታውቃለች፤ ረስታው ነው። «ወይ አንተ» አለችና ተነሥታ ተቀመጠች። ከዚያ ቀን ጀምሮ በከሰል፣ በሣጥኑ ክዳን ላይ፣ ፊደል ታስቆጥረኝ ጀመር። አንድ ቀን አንድ መሥመር። ሀ ሁ ሂ። ስሳሳት ጣቴን በስንደዶ ትመታኛለች። ያ ሣጥን ያን ቅዳሜ ከፍቼው የነበረው ነው። ሌላ ጊዜ ቢሆን ኖሮ ደስ የሚል ነገር ነበር።

ተ፣ ቸ፣ ኀ፣ ነ ደረስን። «ነ»ን በተማርሁ በማግሥቱ ጥጃው ማሰሪያው አርጅቶ አመለጠ። ሚስቴ ከግድግዳው ላይ የታንኳውን ገመድ አወረደችና ልትቋጥረው ጫፉን ያዘች። ቆመች። ጫፉን በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው።

«የተበጠሰ ገመድ ጫፉ ይበታተናል» አለች። «ይሄ የተቆረጠ ነው።»

ገመዱን ልቀበላት እጄን ዘረጋሁ፤ አልሰጠችኝም።

«እናቴ ናት ያስፈታችህ?»

አዎ ማለት እችል ነበር፤ ውሸትም አይሆንም። «የፈታሁት እኔ ነኝ» አልሁ። «ድንጋይ ጭኜበት ነበር።»

«ድንጋይ» አለች። ድምፅዋን አላነሣችም። «የቆረጥኸውስ?»

«እኔው።»

«እሱንስ ማን አዘዘህ?»

ገመዱን እጄ ላይ አኖረችው። «በል ጥጃውን እሰረው» አለችና ገባች። አሰርሁት። ሁለት ጊዜ ላላብኝ፤ በሦስተኛው ያዘ።

በማግሥቱ የከሰሉን ቁራጭ ይዤ ሣጥኑ አጠገብ ተቀመጥሁ። አልመጣችም። በሳምንቱም አልመጣችም። አሁንም አብረን ነን፤ ትቀቅላለች፣ እበላለሁ፣ እንጨት እጭናለሁ። ከ«ነ» ቀጥሎ ያሉትን ፊደሎች ግን ያስተማረኝ ሌላ ሰው ነው፤ ባሕር ዳር እንጨት የማራግፍበት ግቢ ዘበኛ።